«ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» ስለሚባለው ነገር ለጅማ ትምህርት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን ትምህርት ጽ/ቤት፣ ለመንግስት ትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችና ዩኒት ሊደሮች፣ ለወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አባላት፣ እንደኔ ልጅ ለምታስተምሩ ወላጆችም በሙሉ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ለ12 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬ የተውኩ ሴት ነኝ። አሁን እዚሁ ጅማ የአንድ መንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ትንሽዬ የፎቶ ኮፒና የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ አለችኝ፣ ልጄም ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ስለዚህ ነገሩን እንደ አስተማሪም እንደ እናትም እንደ ጎረቤትም አይቼዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም ምክንያቱም የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መርካቶም ጅሬንም ቆጪም ያሉ እናቶች ሲያወሩ የምሰማው ያው ነው። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው፣ የረበሸን ልጅ ቅጡት፣ ግን ከበር አታስወጡት።

ጠዋት 2:10 ላይ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። ከዛ በኋላ ውጪ የሚቀሩት ወይ ያረፈዱ ናቸው ወይ ደግሞ ትናንት ክላስ ረብሸው፣ ስልክ ይዘው ተገኝተው፣ ፎርፈው፣ ወይ ተደባድበው «ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» የተባሉ ናቸው። እስከ 2:30 የበሩን ብረት ይዘው «ጋሼ በአላህ፣ ጋሼ አንዴ ብቻ» እያሉ ይለምናሉ፣ እሱም የታዘዘውን ነው የሚሰራው ምን ያድርግ። ዝናብ ካለ (የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ) ደብተራቸውን ሹራብ ውስጥ ከተው የኔ በረንዳ ስር ይደረደራሉ። 3 ሰዓት ሲሆን ፕሌይስቴሽን ቤቱ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ፑል ቤቱ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ያሉት መቃሚያ ቤቶች አሉ። መጀመሪያ ቀን የሚሄዱት ፈርተው ነው፣ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይከታሉ። በሶስተኛው ቀን ግን ዩኒፎርም ለብሰው ይገባሉ፣ በሳምንቱ በሩ ጋር መጥተው መለመኑንም ይተዉታል። እኔ ይሄን ከሱቄ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማየው፣ ማንም አልነገረኝም።

ይሄን ስጽፍ መምህራንን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። አስተምሬበታለሁ አውቀዋለሁ። በስታንዳርዱ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል 40 ተማሪ ነው መያዝ ያለበት፣ እኔ ግን 75 ይዤ አስተምሬያለሁ፣ ለሶስት የተሰራ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጣቦ። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ገብተሽ ሰሌዳ አጥፍተሽ ስም ጠርተሽ ጸጥ እስኪሉ 10 ደቂቃው ሄዷል፣ የቀረውን ለ75 ብታካፍይው ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 24 ሰኮንድ ነው። እና በዛች ሰዓት ውስጥ ጀርባሽን ለሰሌዳው ስትሰጪ ከኋላ ወንበር አንዱ እምምም እያለ ያንጎራጉራል፣ ስትዞሪ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፣ መልሰሽ ስትዞሪ የድመት ድምጽ፣ ከዛ የቾክ ቁራጭ ወርዋሪ፣ ከዛ ሳቁ። አንድ ጊዜ ሁለቴ ትታገሺያለሽ፣ በሶስተኛው «ተነስ ውጣ ወላጅህን ሳታመጣ እንዳላይህ» ትያለሽ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። በዛች ደቂቃ ክላሱ ጸጥ ይላል፣ ለመምህር ደግሞ ያቺ ጸጥታ ውሃ ለጠማው ሰው ውሃ ማለት ናት።

ልጄም ማታ ስትመጣ «እማዬ ዛሬ የተማርነው ሁለት ፔሬድ ብቻ ነው፣ ሌላው በጭቅጭቅ ነው ያለቀው» ስትለኝ ልቤ ይቃጠላል። ለመማር የመጣው ልጅም መብት አለው፣ ይሄን የማልረዳ ሰው አይደለሁም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽ ነጥብና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን ሁላችንም ደንግጠናል፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ከዛ ወዲህ ዳይሬክተሮቹ ላይ ያለው ጫና ከባድ ነው፣ «የሚረብሸውን አውጥተን የሚማረውን እናስተምር» የሚለው ሀሳብም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ግን አስቡት እስቲ፣ ያስወጣነው ልጅ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲገባ የሳምንት ትምህርት አምልጦታል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ጭራሽ አይገባውም፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ምን ያድርግ? መረበሹ ይብስበታል። የኔ ልጅ ክላስ ያኔም አይረጋጋም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እኛ ጋር ልጆቹ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ወይ በአማርኛ ተምረው 9ኛ ሲገቡ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም ሁሉም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ያለችን ጊዜ አጭር ስለሆነች እኔ ክላስ ውስጥ ከመጽሐፉ በየተራ አስነብብ ነበር፣ አንድ አንድ አንቀጽ፣ በረድፍ። አንድ ልጅ ነበር ሁልጊዜ የሚረብሸኝ፣ እና አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳየው መጀመሪያ ላይ ጸጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ንባቡ ከሱ ፊት ያለው ዴስክ ላይ ሲደርስ ነው ወይ ጓደኛውን የሚገፋው ወይ እስክሪብቶ የሚጥለው ወይ የሚያፏጨው። ቆጠርኩት፣ አራት ቀን አራቱንም ቀን እንደዛው ነው። ተራው ሳይደርስ ተቆጥቼ እንዳስወጣው ነበር የሚፈልገው። እንግሊዝኛውን ማንበብ አይችልም ነበር፣ ከ74 ጓደኞቹ ፊት ከሚዋረድ ተባርሮ ጀግና ቢሆን ይሻለዋል። ከዛ በኋላ እሱን ማስነበብ ተውኩ፣ እረፍት ሰዓት ላይ ብቻውን ጠርቼ ነገ የምናነበውን አንቀጽ ቀድሜ አሳየው ጀመር፣ 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። በወሩ ራሱ እጁን አወጣ። ሁሉም ረባሽ እንደዛ ነው አልልም፣ ግን ስንቱን እንደዛ ሆኖ ሳላውቅለት ከክፍል እንዳስወጣሁት ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ድሮማ ቅጣት ሲባል የምናውቀው ጎማና አለንጋ ነበር። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ክረምት ከበጋ ጠጠር ላይ ተንበርክኬያለሁ፣ አባቴም «አይኑን ብቻ ተውለት» ብሎ ነው ወንድሜን ለመምህር የሰጠው። መምህር ስሆን ደግሞ ሕገ መንግስቱን አስተምር ነበር፣ የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕጻን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት፣ ከጭካኔና ኢሰብዓዊ ከሆነ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል፣ ሕጻናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ደህንነት ነው ይላል። ይሄን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስዞር አንዱ ተማሪ «ቲቸር ታዲያ የዩኒት ሊደሩ ጎማስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ጎማው በብዙ ቦታ ቀርቷል ወይም ቀንሷል፣ ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ጎማውን ስንተው በምን እንደምንተካው ማንም ለመምህሩ አላሰለጠነውም፣ ባዶ እጁን ነው የቀረው፣ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ደግሞ ያለው በሩ ብቻ ስለሆነ በሩን ተጠቀመ።

እኔም ተጠቅሜያለሁ፣ የዚህ ደብዳቤ ምክንያትም ይሄው ነው። ከጌራ የመጣ ልጅ ነበር፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ከቤት እያመጡ የሚማሩ። ህዳር ላይ ነው፣ ከአንድ ልጅ ጋር ክላስ ውስጥ ተደባደበ፣ ዴስክ ተሰበረ፣ እኔም «አባትህን ይዘህ ና» አልኩት። «ቲቸር ቡና ለቀማ ላይ ነው አይመጣም» አለኝ። እኔ ሰበብ መሰለኝ። በለቀማ ሰዓት አንድ ገበሬ የዓመት ገቢውን ዛፍ ላይ ትቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ ጅማ መጥቶ፣ ዴስክ ተሰበረ ሲባል ሰምቶ እንዲመለስ ነው እንግዲህ የፈረድኩት። ልጁ አልመጣም። እኔ ደግሞ የክፍሉ ስም ጠሪ ስለነበርኩ በየቀኑ ጠዋት ስሙን እየጠራሁ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ እያልኩ እሞላ ነበር። ራሴ ያስወጣሁትን ልጅ ራሴ ቀሪ ብዬ እሞላለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ በስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩና «አቋርጧል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሪፖርቱም እንደዛው ወደ ላይ ሄደ። ትምህርት አቋረጠ የሚል ኮለም አለ፣ አስወጣነው የሚል ኮለም የለም። ያቋረጠው እሱ አይደለም።

ይሄ ሁሉ አልፎ ባለፈው ወር የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሱቄ ገባና ዙሪያውን አይቶ «ቲቸር አንዴ ላስቸግርሽ፣ አክስቴ ነኝ በይልኝ» አለኝ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የኪራይ አጎት አለ፣ ባጃጅ ሹፌሩን፣ ሸክም ሰራተኛውን፣ ሊስትሮውን ሳይቀር ትንሽ ብር ሰጥተው ይዘው ይገባሉ፣ ሰውዬው «ሁለተኛ አይደግመውም» ብሎ ይፈርምና ይወጣል። ለምን እናትህን አታመጣም አልኩት። «ሆቴል ነው የምትሰራው፣ ከቀረች ይቆርጡባታል» አለኝ። ሱቁን ዘግቼ አብሬው ገባሁ። የዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛ ላይ የተቀሙ ስልኮች በወረቀት ተጠቅልለው ስም ተጽፎባቸው ተደርድረዋል፣ ግድግዳውን ተደግፈው የሚጠብቁ ልጆች ስቆጥር አስራ አንድ ናቸው። ሰውዬው ቀና ብሎም ሳያየኝ «የልጁ ምን ነዎት?» ብሎ መዝገቡን ገፋልኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም፣ ፈርሜ ብወጣ ያልቅ ነበር። እኔ ግን «ምኑም አይደለሁም፣ ባለ ሱቋ ነኝ፣ ለልጁ ዋስ ልሆነው ነው የመጣሁት» አልኩት። ያኔ ቀና አለ። ተቀመጪ አለኝ። «እህቴ እኔም አውቃለሁ፣ ግማሾቹ የኪራይ ናቸው፣ ግን ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ባስገባው መምህሩ ይቆጣል፣ ባላስገባው እዛ ፑል ቤት ነው» አለኝ፣ ድካሙ ፊቱ ላይ ይታያል። እዛው እያለን ከልጁ የእናቱን ትክክለኛ ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ (ምዝገባ ፎርሙ ላይ ያለውን የሞላው ራሱ ነው፣ ውሸት ነው)። እናትየው ልጇ ለአራት ቀን ክላስ እንዳልገባ አታውቅም ነበር፣ በየቀኑ ጠዋት ሻይ አጠጥታ ነው የምትሸኘው። ስፒከር ላይ አድርገን አራት ደቂቃ ያህል አወራን፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፣ ሰውዬው ሁለት ሳምንት እረፍት ሰዓት ላይ ላይብረሪ መጽሐፍ እንዲደረድር ቀጣውና ክላስ አስገባው። በአራት ደቂቃ ስልክ የተጨረሰ ነገር ነው እንግዲህ ልጁን አራት ቀን ውጪ ያስቀረው።

እና የምጠይቀው ይሄን ነው። ቅጣቱ ግቢ ውስጥ ይሁን። ግቢውን ይጥረግ፣ ችግኝ ውሃ ያጠጣ፣ የሰበረውን ዴስክ ከአናጺው ጋር ሆኖ ይጠግን፣ ከሰዓት ግቢ ቆይቶ ያመለጠውን ኖት ይገልብጥ፣ ግን ክላሱን ይማር። ለአንድ ፔሬድ ከክፍል ማውጣት ግድ ከሆነ እንኳን የሚቀመጥበት ክፍልና አንድ ተረኛ መምህር ይኑር። ወላጅ መጥራት አትተዉ፣ ግን መጀመሪያ በስልክ ይሁን፣ ምዝገባ ቀን ላይ ቁጥሩ እዛው ተደውሎ ይረጋገጥ፣ ከጌራ ከሰቃ ከዴዶ ለመጡት ልጆች ደግሞ ጅማ ውስጥ አንድ ዋስ የሚሆን ሰው ይመዝገብላቸው። የሁለት ልጆች ጠብ ሲሆን ደግሞ እኛ እኮ ሽምግልና ያለን ህዝብ ነን፣ ጃርሱማ (የኦሮሞ ሽምግልና) እዚህ አገር ነፍስ የጠፋበትን እንኳን ያስታርቃል፣ ታዲያ ወተመህ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ለስብሰባና ለመዋጮ ብቻ ከሚጠሩ በሳምንት አንድ ቀን ግቢ መጥተው ልጆቹን ቢያነጋግሩ ማን ይከለክላቸዋል።

ካውንስለር የሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ ለአንድ ሺህ ምናምን ተማሪ አንድ ሰው ቢኖር እንኳን ምን ያደርጋል አይባልም፣ ከምንም ይሻላል። ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሚታወቀው ማህበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ነው፣ የጤና ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ እያየን ነው ያደግነው፣ ሳይኮሎጂም ያስተምራል። ትምህርት ጽ/ቤቱ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሳይኮሎጂ የሚማሩት ልጆች ለፕራክቲስ በሳምንት ሁለት ቀን በየትምህርት ቤቱ እንዲመደቡ ቢነጋገር፣ ብዙ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም። እባካችሁ ይሄን አስቡበት።

ሴንጢ ይዞ የሚገባ፣ መምህር የሚመታ፣ ሴት ልጅ የሚያስቸግር ልጅ አለ፣ እሱንም አውቃለሁ። ለሱ በፎቶ ኮፒ የተበተነው የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፣ ሲያስፈልግ ፖሊስ አለ። እዛ ላይ አልለማመጥም፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ልጁም ቤተሰቡም ተሰምተው፣ የተወሰነው ይወሰን። በተለይ የሴት ልጆች ነገር ላይ በሽምግልና ተሸፋፍኖ እንዲያልፍ አልፈልግም። እኔ የማወራው ስላፏጨው፣ ስላረፈደው፣ ስልክ ስለያዘው ነው። በር ላይ የማያቸው አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው።

ለከተማው አስተዳደርም አንድ ቃል። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔ ባለሁበት ሰፈር ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፍሬ ሲጋራ ሲገዛ «ስንት ዓመትህ ነው» ያለው ሰው አላየሁም። ባለ ሱቅ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለናንተም ነው የምለው፣ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከመጣ አትሽጡለት፣ አታስገቡት፣ ወደ በሩ መልሱት። እኔ ለራሴ ከወሰንኩ ወር ሆኖኛል፣ ከ2:10 እስከ እረፍት ለብቻው ለመጣ ተማሪ ኮፒ አላደርግም፣ መጀመሪያ ለምን ውጪ እንደሆነ ነው የምጠይቀው። ገበያ ቀንሶብኛል፣ ይቅር።

ወላጆች ደግሞ፣ እናንተን መውቀስ ከብዶኝ ነው ወደ መጨረሻ ያስቀረሁት፣ ኑሮው ምን እንደሚመስል ስለማውቅ። ማታ ደብተሩን ግለጡት። ማንበብ ባትችሉ እንኳን የዛሬ ቀን የተጻፈበት ገጽ አለ ወይስ የለም የሚለውን ታያላችሁ። ባዶ ከሆነ ሳትመቱት ጠይቁት፣ ከመታችሁት ነገ የኪራይ አጎት ነው የሚፈልገው።

ኃላፊዎቻችን፣ ሪፖርት ላይ ያለውን ተዉትና አንድ ሰኞ ጠዋት ከ2:10 በኋላ ሳትናገሩ መጥታችሁ ከአንዱ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ቁሙ፣ የትኛውም ይሁን። እኔ ጋር ከመጣችሁ ሶስት በርጩማ አለኝ፣ በረንዳው ላይ አወጣላችኋለሁ፣ ቡናም አፈላለሁ። ልጆቹን ራሳችሁ ጠይቋቸው፣ ስማቸውን ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የሥነ ዜጋ መምህርት፣ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት
ጅማ